ሐሙስ ማታ የማን ናት?

ድሬዳዋ ላይ ሳክስፎን መንፋት ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ጃዝ ብቻ ነፍቶ ድሬ ላይ የኖረ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። እኔ ቀን ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ። ኪቦርዲስታችን ባጃጅ ይነዳል። ድራመራችን ደረቅ ወደብ ይሠራል። ቤዚስታችን ቀፊራ ገበያ አጠገብ ስልክ ይጠግናል። ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ነው። ሐሙስ ማታ ብቻ፣ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል ግቢ፣ ዛፍ ሥር ተሰብስበን የምንወደውን እንጫወታለን። የሐሙስ ገቢ የአንድ ሠርግ ሩብ አይሞላም። ሌላውን ስድስት ቀን የምንሮጠው ግን ሐሙስን ላለማጣት ነው ብል አልዋሸሁም።

ይህን የምጽፈው ለጀማሪ ነው። መሣሪያውን እቤቱ ዘግቶ ሲለማመድ ከርሞ አሁን "ማን ይጠራኝ?" እያለ ለተቀመጠ ልጅ። እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ስለ ስኬልና ስለ ፍጥነት ነው። እሱን ከስልካቸው ያገኙታል። እኔ የምነግራቸው አንድ ጊዜ ያበላሸሁትን ነገር ነው። ስለማፍርበት ለረጅም ጊዜ ለማንም አላወራሁትም።

መጀመሪያ ሥራ እንዴት እንደሚመጣ ልናገር። ማስታወቂያ የለም። ፈተና የለም። አንዱ ይታመማል፣ ወይ ሐዘን ይደርስበታል፣ ወይ ሁለት ሠርግ በአንድ ቀን ይገጥሙበታል። ከዚያ ስልክ ይመታና "ሸፍንልኝ" ይላል። ሁላችንም የገባነው በዚያች ቃል ነው። ከተማዋ ደግሞ ጠባብ ናት። ከዚራ ብታስነጥስ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው መጋላ ላይ "ይማርህ" ይሉሃል። አሪፍ መንፋትህን የሰማ ሰው በሳምንቱ ይረሳዋል። ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) አልቆ መድረስህን ግን ልጆቹ ለልጆቻቸው ነው የሚነግሩት።

ነገሩ በ2003 ዓ.ም ነው። ያኔ ሐሙስ የእኔ አልነበረችም። የአንድ ጓደኛዬ ነበረች። እሱም ሳክስ ነው የሚነፋው። በዕድሜ አራት ዓመት ይበልጠኛል። በአነፋፍ ምን ያህል እንደሚበልጠኝ ዝም ብለው ይሻላል። እናቱ ታመሙበትና ለሕክምና አዲስ አበባ ይዟቸው ሊሄድ ሆነ። ከመሄዱ በፊት ማታ ቤቴ መጣ። "ለአንድ ወር ሐሙስን ሸፍንልኝ" አለኝ። አንድ ደብተርም ሰጠኝ።

ያቺ ደብተር ዛሬም ዓይኔ ላይ ትመጣለች። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ናት። ሽፋኗ በላብ ተጨማዷል። ውስጧ የየሐሙሱ የዘፈን ቅደም ተከተል፣ የየዘፋኙ ድምፅ ልክ፣ መግቢያና መውጫ ተጽፏል። አንዱ ገጽ ላይ "ትዝታ በኤፍ፤ ጉንፋን ከያዛት በኢ" ይላል። ሌላው ላይ "እዚህ ጋ አትንፋ። ሰው እራት ይበላል" ይላል። የስድስት ዓመት ሥራው ነበረች። ሳይሳሳ ነው የሰጠኝ።

ሦስተኛው ሐሙስ ላይ የምንጫወትበት ቤት ባለቤት ወደ ጎን ጠራኝ። "አንተ ለምን አትቀጥልም? እሱ ብዙ ይጠይቃል" አለኝ። ከእሱ ክፍያ 100 ብር ቀንሶ ነው ያቀረበልኝ። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። የቤት ኪራይ ነበረብኝ። "ሥራው የባለቤቱ ነው፤ የፈለገውን ይቀጥራል" ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ራሱን ለማሳመን መቼ ሰነፍ ሆኖ ያውቃል? እሺ አልኩ።

ጓደኛዬ ሲመለስ አልደወለልኝም። ሐሙስ ማታ መጣና የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። አንድ አምቦ ውኃ አዘዘ። እስከ መጨረሻዋ ኖታ አዳመጠ። ሲያልቅ አጨበጨበ። ወደ መድረኩ መጥቶ ጨበጠኝ። "አሪፍ ነው የነፋኸው" አለኝ። ከኖታ ማስቀመጫው ላይ ደብተሩን አንስቶ ሄደ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልኬ ጸጥ አለ። መጀመሪያ አልገባኝም። ጥር መጣ። ጥር ማለት ለሠርግ ባንድ መኸር ነው። ጎረቤት ድንኳን ተተክሎ ሙዚቃ ይሰማኛል፤ እኔን የጠራኝ የለም። ለአንድ ሠርግ ሳክስ ጠፍቶ ከሐረር ሰው አስመጡ ሲባል ሰማሁ። እኔ የምኖረው ከድንኳኑ 300 ሜትር ርቀት ላይ ነበር። ማንም ግን አልተጣላኝም። ፈጢራ ቤት ስንገናኝ ቦታ ይለቁልኛል፣ ሻይ ይጋብዙኛል፣ ስለ ኳስ ያወሩኛል። ሥራ ብቻ አይነሳም። ባለቤቱም በአራተኛው ወር ባንዱን በሙሉ አሰናብቶ ዋን ማን ባንድ አስገባ። አንድ ኦርጋን፣ አንድ ሰው፣ የተቀዳ ድራም። በርካሽነትህ የወሰደህ ሰው ከአንተ የረከሰ ሲያገኝ አያመነታም። በእኔ ቀልጦ የቀረው ግን የእኔ ሥራ ብቻ አልነበረም። የአራት ሰው ሐሙስ ነበር። ይህ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

ለገሀር አካባቢ የሚኖር አንድ ሽማግሌ አለን። ሁላችንም "አባባ" ነው የምንለው። በወጣትነቱ ሐረር በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ትራምፔት ነፍቷል። (የሌላ አገር አንባቢ እንዳይቀየመኝ፤ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይሠራም። የ80 ዓመት ሰውም በፍቅር "አንተ" ነው የሚባለው።) አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ያንን ሰዓት መምረጤም ሞኝነት ነበር። ድሬ ከስድስት ሰዓት በኋላ በሯን ዘግታ ከሙቀቱ ትደበቃለች፣ ወይ በርጫ ላይ ትቀመጣለች። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የሰው ቤት ማንኳኳት ነውር ነው። የባንድ ልምምድም በዚያ ሰዓት አትጥሩ። እሺ ይሏችሁና አይመጡም።

"አባባ፣ አጥፍቻለሁ" አልኩት።

"አቦ! እኔን ምን አደረግከኝ?" አለኝ። "ለበደልከው ሰው ንገረው።"

"ፊቱን ማየት አቃተኝ።"

ዝም ብሎ ቆየ። "ነገ በአሥር ሰዓት ና" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሊተኛ ነው።

በማግሥቱ ስሄድ ሦስት ሰዎች ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ጠበቁኝ። አባባ፣ ድሮ ድራም ይመታ የነበረ አንድ ጡረተኛና የመጋላ አንድ ዑድ ተጫዋች። ጓደኛዬም ነበረ። ሆጃ የሚባለው ትኩስ መጠጥ ቀረበ። ዑድ ተጫዋቹ በኦሮምኛ ጀመረ። አባባ በአማርኛ ቀጠለ። ጓደኛዬ መሐል ላይ በሶማሊኛ አንድ ነገር ጣል አድርጎ ሁሉንም አሳቃቸው። እስካሁን ምን እንዳለ አልነገሩኝም። እኔ ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። 100 ብሯንም ጭምር። ከዚያ ፍርዱ መጣ፦ "ለሁለት ወር የእሱን ሞንታርቦ ትሸከማለህ።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሁለት ወር ተሸከምኩ። ሞንታርቦ ተሸክማችሁ ካላወቃችሁ፣ ክብደቱ ከወገብ አይደለም የሚጀምረው፤ ከስም ነው። ሳክስ ስነፋ የሚያውቁኝ ሰዎች ከባጃጅ ወደ ድንኳን ስፒከር ሳጓጉዝ አዩኝ። የሚስቴ አክስት አንድ ሠርግ ላይ አገኘችኝና "ልጄ፣ ሥራ ቀየርክ እንዴ?" አለችኝ። "አዎ እትዬ" አልኳት።

ግን ያቺ ሁለት ወር እስከዛሬ ካየሁት ትምህርት ቤት ሁሉ ትበልጣለች። ሳክስ ይዤ መድረክ ላይ ስቆም የምሰማው ራሴን ነበር። ከድንኳኑ ጥግ ቆሜ ስሰማ ግን ባንዱ እንግዳው ጆሮ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ሰማሁ። ጓደኛዬ ዘፋኟ ስትዘፍን ምንም አይነፋም ነበር። አንድም ነገር። ትንፋሽ ስትወስድ ብቻ ሁለት ሦስት ኖታ ጣል ያደርጋል። እኔ ብሆን የዘፈኑን ግማሽ እሸፍነው ነበር። "እዚህ ጋ አትንፋ" የሚለው ጽሑፍ ያኔ ገባኝ።

ስለ መብራትም የተማርኩት ያኔ ነው። ድሬ ላይ መብራት ይጠፋል፤ ስለዚህ ጄኔሬተር አለ። ጄኔሬተሩ ከመሬት ጋር በሽቦ ካልተያያዘ ዘፋኙ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ሊነዝረው ይችላል። በተለይ በግራ እጁ ጊታር ይዞ ከሆነ። አንድ ማታ ዘፋኛችን ማይኩን ወርውሮ ሙሽሪት ጭን ላይ አሳረፈው። እንግዳው ስታይል መስሎት አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ከሳውንድ ቼክ በፊት ጄኔሬተሩን የሚያይ ሰው መድበናል። የመሬት ሽቦውን ግን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ሙዚቀኛ በጨዋታ የሚነካው ነገር አይደለም።

ሌላው የድሬ ጣጣ ሙቀቱ ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ ሳክስ ነፊ መጀመሪያ የሚደነግጠው በዚህ ነው። ሳክስ ሲሞቅ ቃናው ከልኩ ወደ ላይ ይወጣል። ኪቦርድ ግን 440 በሚባለው የመቃኛ ልክ ላይ ተቸክሎ ነው የሚኖረው። ሞቃት ማታ ላይ በመጀመሪያው ዘፈን ተስማምተን በሦስተኛው እኔ ከላይ እንሳፈፋለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ማውዝፒሱን (አፍ ውስጥ የሚገባውን ክፍል) ከአንገቱ ቡሽ ላይ ትንሽ ወደ ውጭ መሳብ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ዘፈን በዘፈን። ጊታሪስቱ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ክሩ ሲሞቅ ይላላና ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ እሱ ወደ ታች፣ እኔ ወደ ላይ፣ ኪቦርዱ መሐል። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ሥራ ሐረር ይሆንና ደንገጎን ስንወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል። ማታ ጀጎል አካባቢ ስንጫወት የትናንቱ ሁሉ ይገለበጣል። አሁን ማውዝፒሱ የት መቆም እንዳለበት የማውቀው በቡሹ ላይ በሠራኋት ሁለት የእስክርቢቶ መስመር ነው። አንዷ "ድሬ"፣ አንዷ "ሐረር"።

ሪድም፣ ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረው ስስ ሸምበቆ፣ ይደርቃል። ደርቆ ጫፉ ይወላገዳል። እኔ ሣጥኗ ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ አስቀምጥ ነበር። ይሠራል፤ ግን በሁለት ቀን ካልቀየርከው ይሻግታል። አንድ ጊዜ ረስቼው ለሳምንት ምላሴ የሻጋታ ጣዕም ይዞ ከረመ። አዲስ ሪድ እዚህ በቀላሉ አይገኝም። ከአዲስ አበባ ወይ ከጅቡቲ ነው የሚመጣው። አሥር የያዘ አንድ ፓኮ ሲመጣ ለሳክስ ነፊዎች አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እየተከፋፈለ ነው የሚያልቀው። ይቺን ያዟት። በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ስለ ሙዚቃው ትንሽ ላውራ፤ ካልሆነ ጃዝ ነው ብሎ ያነበበ ሰው ይታዘበኛል። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ ተምሮ ኢትዮ ጃዝን ሲቀምር የገጠመው ጣጣ እኛንም በየሐሙሱ ይገጥመናል። ቅኝታችን አምስት ድምፅ ነው፤ ኮርዱ (አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) ደግሞ ከዚያ ውጭ ያሉትን ድምፆች ይጎትታል። ከሲ ብንነሳ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ኪቦርዲስታችን በጉጉት ሜጀር ሰቨን የሚባለውን ኮርድ ሲይዝ ቢ ትገባለች። አንድ ጣት ናት፤ ግን ትዝታው ወዲያው ትዝታ መሆኑን ያቆማል። ባዕድ ሰው ቤት እንደገባ ያስታውቃል። እኛ የምናደርገው፣ ኮርዱን ከቅኝቱ ድምፆች ብቻ በአራተኛ ርቀት መደርደር ነው። ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ። አንዱም ከቅኝቱ አይወጣም። ድምፁ ግን ጃዝ ጃዝ ይላል። አንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ ደግሞ ኮርድ ጭራሽ ባይበዛ ይሻላል። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ በራሱ በቂ ቅመም አለው። ቤዙ አንዲት ሐረግ ይዞ ይመላለስ፣ ሌላው በላዩ ይናገር።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ሀብት አለ። አፍረን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን በ1950ዎቹ የተነሳው ከዚህች ከተማ ነው። ዓሊ ቢራም ከዚያ ነው የወጣው። ጥቅምት 2015 ሲያርፍ ከተማችን ያዘነችው እንደ ቤተሰብ ነበር። የዚያን ሰሞን ሐሙስ ምንም ሌላ አልተጫወትንም። ዑድ ተጫዋቹ ሽማግሌ መጥቶ መሐላችን ተቀመጠ። እኛ ከሥር ከሥር ተከተልነው። የእኛ ጃዝ ከሌላው ከተማ የሚለይበት ነገር ካለ እዚያ ነው ያለው። አንድ ሠርግ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ ዘፈን በአንድ ሌሊት እንሠራለን። ሐሙስ ማታ ሶሎ ስነፋ ጣቴ ሳያስበው የሚሄደው ቅዳሜ ወደ ሠራሁት ነው። ስለዚህ ሠርግ የሚንቅ "ጃዘኛ" ሲያጋጥመኝ አልከራከረውም። ሁለት ወር ሞንታርቦ ቢሸከም ይገባው ነበር።

በ2006 አዲስ አበባ ጣይቱ ሆቴል ያለው የጃዝ ቤት፣ ጃዝአምባ፣ ሄጄ አዳምጬ ነበር። እንግዳ ነፊ ሲጋበዝ ጎን ይቆማል፣ ሁለት ዙር ይነፋል፣ አመስግኖ ይወርዳል። እኛ ልጆቹን አሁን እንዲህ ነው የምናስለምዳቸው። ሁለት ዙር። ሦስተኛው ዙር ላይ ምን ያህል እንደምታውቅ ሳይሆን መቼ እንደማታቆም ነው የምታሳየው። በጥር 2007 ጣይቱ ሲቃጠል ጃዝአምባም አብሮ ሄደ። ዜናውን የሰማን ዕለት ማታ አባባ "ቤት ይቃጠላል፣ ሰዎቹ የት ይቀመጡ ነው ጥያቄው" አለ።

ወደ ብሩ ልምጣ። ሙዚቀኛ በዓመት ውስጥ የሚራብበትን ወር ቀድሞ ያውቀዋል። ሁዳዴ 55 ቀን ሠርግ የለም። ረመዳንም እንዲሁ ጸጥታ ነው። ድሬ ላይ ባንዱም ደንበኛውም ሁለቱም ሃይማኖት ስለሆነ አንዱ ሲጾም ሌላው ይረዳው ነበር። የረመዳን ወቅት በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል። በ2017 እና በ2018 ከሁዳዴ ጋር ገጠመ። ሁለቱም አንድ ላይ የካቲት ውስጥ ገቡ። የዚያን ጊዜ የሚጠበቀው ፋሲካና ዒድ ብቻ ነው። ቁልቢ ገብርኤል ደግሞ ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ከተማዋን በእንግዳ ይሞላታል፤ ሆቴሎቹ ሙዚቃ ይፈልጋሉ። ይህን ያላወቀ ጀማሪ በጥር ያገኘውን በጥር ይጨርሳል። እኔም ጨርሼ አውቃለሁ።

እቁባችን የተጀመረው ለዚህ ነው። መነሻው ግን ጎርፉ ነበር። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ሲወጣ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የቤዚስታችን ቤት ዳር ነበር። እሱና ቤተሰቡ ተረፉ። ቤዙና አምፑ ጭቃ ውስጥ ተገኙ። ሰው ባለቀበት ስለ ዕቃ ማውራት ያሳፍር ስለነበር ማንም አላነሳውም። ከወራት በኋላ አንድ ሰው ሥራ አምጥቶ ቤዝ ሲጠፋ ነው ሁላችንም እርስ በርስ የተያየነው። ያኔ መዋጮ ጀመርን። በኋላ እቁብ ሆነ። ዕጣው የሚወጣው በየወሩ ነው፤ ግን መሣሪያው የተሰበረበት ወይም የታመመ ሰው ካለ ዕጣው ይቆምና ለእሱ ይሰጣል። ከእቁቡ የተማርኩት አንድ ሕግ፣ የሥራ ክፍያ በዚያው ሌሊት፣ ሁሉም እያየ፣ ይከፋፈል። "ነገ እሰጣችኋለሁ" የሚል የባንድ መሪ አትከተሉ። ከደንበኛም ግማሹን ቀብድ ሳትቀበሉ ቀን አትያዙ። እኛ አንድ የሠርግ አዘጋጅ ከእነ ሙሉ ክፍያችን ጠፍቶብን ያውቃል። ሙሽሮቹ ወልደው አሁን ልጃቸው ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ብሩ አልመጣም።

ስለ መሸፈንም በዚሁ ልጨርሰው። ሰው ቦታውን ሲሰጥህ ባለቤቱ የሚያናግርህ ነገር ቢኖር መልስህ አንድ ነው፦ "እሱን ጠይቀው።" ክፍያው እሱ ከሚያገኘው በታች ከሆነ አትቀበል፤ ቦታውን ርካሽ አድርገህ ነው የምትመልስለት። ሽልማት ብር ግንባርህ ላይ ከተለጠፈ ለባንዱ ነው። የዘፈን ቅደም ተከተሉን አትቀይር። ወጥተህ ስትሄድ ደውልና እንዴት እንደነበር ንገረው፤ የተሳሳትከውንም ጭምር፣ ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት።

ሁለት ወሩ ካለቀ በኋላ ጓደኛዬ ራሱ ደወለልኝ። ሁለት ሠርግ ገጥሞበት ነበር። "አንዱን ሸፍንልኝ" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። በዓመቱ የዛሬው ሆቴል ሐሙስን ሲከፍት ለሁለት እንድንይዘው ያደረገው እሱ ነው። አንድ ሐሙስ እሱ፣ አንድ ሐሙስ እኔ።

በነሐሴ 2011 ቺኩንጉንያ ድሬን አጥለቀለቃት። ቤት አልቀረም ማለት ይቻላል። ትኩሳቱ በሦስት አራት ቀን ይለቃል፤ መገጣጠሚያውን ግን ይይዛል። የእኔ ጣቶች አብጠው አልታጠፍ አሉ። ሳክሱን አንስቼ የታችኛውን ቁልፎች ልጫን ስል ዓይኔ እንባ ያቀራል። አምስት ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። የእኔን ሐሙሶች እሱ ሸፈነ። የእኔ ሐሙስ ባለፈ ቁጥር አርብ ጠዋት ባጃጅ ቤቴ በር ላይ ትቆማለች። ኪቦርዲስታችን ይወርዳል። ፖስታ ይሰጠኛል። ውስጡ የሐሙሱ ሙሉ ክፍያ ነው። ግማሹን እንዲወስድ ደውዬ ለመንኩት። "የማን ሐሙስ ናት?" አለኝና ዘጋው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ተመለስኩ። ጣቴ ገና እንደ ልቡ አይታጠፍም ነበር። ቶሎ ቶሎ መንፋት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ጥቂት ነፋሁ። ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት የኖታ ማስቀመጫው ላይ ያቺ ባለ ካሬ ደብተር ተቀምጣ አገኘኋት። ገጾቿ መሐል አንድ አዲስ ሪድ ነበረ፤ ከዚያ ፓኮ የደረሰችው የእሱ ድርሻ። ጀርባው ላይ በእስክርቢቶ "ድሬ" ብሎ ጽፎበታል።